ከሰጋቱራ እስከ ምስክር ወረቀት፦ የዝቅተኛ ልቀት የቢሮና የቤት ዕቃ መስፈርት ታሪካዊ አመጣጥ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።



ዛሬ አንድ ድርጅት ለቢሮው የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ለማግኘት ሲነሣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ውሃ ፍጆታው ብቻ አይጠየቅም። የገዛው ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ ወደ ክፍሉ አየር ምን ያህል ኬሚካል እንደሚለቅ የሚያስረዳ ሰነድም ሊያቀርብ ይችላል። ሰነዱ በቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ነው። ዕቃው በተዘጋ የሙከራ ክፍል ውስጥ ለቀናት ተቀምጦ፣ ከክፍሉ የሚወጣው አየር ተለክቶ የተጻፈ ቁጥር ነው።

ወንበር ስለ አየር መልስ እንዲሰጥ የተደረገው መቼና ለምን ነው? የተለመደው ምላሽ «የአካባቢ ጥበቃ ንቃተ ኅሊና ስላደገ» የሚል ነው። ይህ ምላሽ ስሕተት ባይሆንም ብዙ ነገር ይሸፍናል። መስፈርቱ የተወለደው ከሦስት ነገሮች መገናኛ ላይ ነው፦ ከርካሽ ሙጫ፣ ከተዘጋ መስኮትና ከገዢ ውል። ሦስቱን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። በመንገዳችን ላይ ግን አንድ ጥያቄ ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ አደራ እላለሁ፤ ንጹሕ አየር መጀመሪያ የደረሰው ለማን ነው? መጨረሻ የደረሰውስ ለማን?

ሙጫው

ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ጋዝ በኬሚስቶች ዘንድ የታወቀው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቡትሌሮቭ በ1859 አገኘው፤ ጀርመናዊው አውጉስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን ደግሞ በ1860ዎቹ መጨረሻ ምንነቱን ለይቶ አረጋገጠ። ለረጅም ጊዜ አስከሬንና የሕክምና ናሙና ከመበስበስ የሚጠብቅ ኬሚካል ተደርጎ ይታወቅ ነበር። ወደ ቤታችን ያስገባው ግን ሌላ ችሎታው ነው። ፎርማልዴሃይድ የእኛ ገበሬ በማዳበሪያነት ከሚያውቀው ከዩሪያ ጋር ሲዋሐድ ርካሽ፣ ቀለም የሌለውና በሙቀት ፈጥኖ የሚደርቅ ሙጫ ይሰጣል።

ለዚህ ሙጫ ሰፊ ገበያ የከፈተለት የእንጨት ብክነት ነው። ግንድ ወደ ጣውላ ሲለወጥ ከፍተኛ መጠን ያለው እንጨት በሰጋቱራ፣ በፍቅፋቂና በቁርጥራጭ መልክ ይቀራል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ማክስ ሂመልሄበር በ1930ዎቹ ይህን ተረፈ ምርት በሙጫ አጣብቆ በሙቀትና በግፊት ወደ ሰሌዳነት የሚለውጥ ዘዴ ሠራ። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1941 በብሬመን ከተማ ማምረት ጀመረ። እኛ ዛሬ ቺፕውድ የምንለው ሰሌዳ ይህ ነው። ጦርነት የአውሮፓን ከተሞች ባፈረሰበትና እንጨት ባነሰበት ዘመን ሰሌዳው እንደ በረከት ታየ። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተራው ሰው ቁም ሣጥን፣ የተማሪው ጠረጴዛና የጸሐፊዋ መደርደሪያ ከዚሁ ተሠሩ። ዕቃ ከባለጸጎች ቤት ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ ቤት የገባው በዚህ ሙጫ ብርታት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሙጫው ግን አንድ ጠባይ አለው። የዩሪያና የፎርማልዴሃይድ ትስስር እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ሲፈታም ጋዙን መልሶ ይለቃል። በዚያ ላይ የቀድሞዎቹ አምራቾች ሙጫው አጥብቆ እንዲይዝ ሲሉ ከሚያስፈልገው በላይ ፎርማልዴሃይድ ይጨምሩ ነበር። ትርፉ ከሰሌዳው ውስጥ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይወጣል። ሰሌዳው የተቆረጠበት ጠርዝና የተበሳበት ቀዳዳ ካልተሸፈነ ደግሞ የበለጠ ይለቃል። አዲስ ዕቃ የገባበት ክፍል የሚሰጠው ያ ዓይንን የሚቆጠቁጥና ጉሮሮን የሚከረክር ሽታ ምንጩ በአብዛኛው ይህ ነበር።

መስኮቱ ሲዘጋ

ዕቃው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹም ጋዝ ይለቅ ነበር። ታዲያ ችግሩ ጎልቶ የታየው ለምን በ1970ዎቹ ሆነ? መልሱ ያለው በዕቃው ውስጥ ሳይሆን በሕንፃው ውስጥ ነው።

በ1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ሲጥሉ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ገደማ አሻቀበ። በቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ቤት ማሞቅ የመንግሥት ጭንቀት ሆነ። መሐንዲሶች ሙቀት የሚያመልጥበትን ስንጥቅ ሁሉ ደፈኑ፤ ቢሮዎች የማይከፈት መስኮት ተገጠመላቸው። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር በ1981 ባወጣው ደረጃ ሲጋራ በማይጨስበት ቢሮ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የንጹሕ አየር መጠን በሰከንድ ወደ 2.5 ሊትር ገደማ አወረደው። ሙቀቱ ተቆጠበ። ከሙቀቱ ጋር ግን ቀድሞ በስንጥቁ ይወጣ የነበረው ጋዝም ውስጥ ቀረ።

ለሰሌዳው ጋዝ ሳይንሳዊ ማስረጃ ቀድመው ካቀረቡት መካከል የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ኢብ አንደርሰን፣ ጉናር ሉንድክቪስትና ላርስ ሞልሃቨ በ1975 ባሳተሙት ጥናት በ23 የዴንማርክ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያለውን አየር ለክተው፣ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.62 ሚሊግራም ፎርማልዴሃይድ አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ለቤት ውስጥ አየር ያወጣው የአጭር ጊዜ መመሪያ 0.1 ሚሊግራም መሆኑን ስናስብ ግኝቱ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ለዛሬው ርእሳችን ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ዘዴያቸው ነው። ሰሌዳውን ሙቀቱ፣ እርጥበቱና የአየር ልውውጡ በሚታወቅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ልቀቱ ከእነዚህ ነገሮች ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ሕመምተኛን ከመመርመር ወደ ሰሌዳ መመርመር የተደረገው ሽግግር ከዚህ ይጀምራል። የዛሬው የሙከራ ክፍል የልጅ ልጁ ነው።

የጀርመን ፌዴራል የጤና ቢሮ በ1977 ለቤት ውስጥ አየር የሚሊዮን 0.1 እጅ ወሰን አቀረበ፤ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ፎርማልዴሃይድ ከ0.1 እጅ እንዳይበልጥ ነው። በ1980 ሰሌዳዎች በልቀታቸው መጠን ኢ1፣ ኢ2 እና ኢ3 ተብለው ተመደቡ። በ1986 ደግሞ ከኢ1 በላይ የሚለቅ ሰሌዳ በአገሪቱ ገበያ እንዳይሸጥ በሕግ ተከለከለ። ይህን መንገድ «የሰሌዳ መንገድ» እንበለው። ጥበቃው ለባለ ፎቁ ቢሮም ለድሃው ኩሽናም እኩል ነው፤ ምክንያቱም መጥፎው ሰሌዳ ከሁለቱም ከመድረሱ በፊት ከገበያ ይወጣል።

ሕጉ ያቃተው፣ ውል የቻለው

አሜሪካ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጎታች ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች አቤቱታ በረታ። እነዚህ ቤቶች ጠባብ፣ በደንብ የተደፈኑና ግድግዳቸውም ወለላቸውም በሙጫ ከተሠራ ሰሌዳ የተገነባ ስለነበር የጋዙ ክምችት ከሌላው ቤት ይበልጥ ነበር። በዚያው ወቅት ከፍተኛ መጠን ያለው ፎርማልዴሃይድ እንዲተነፍሱ የተደረጉ አይጦች የአፍንጫ ካንሰር እንደያዛቸው የሚያሳይ ጥናት በ1980 ታተመ። ካናዳ በዚያው ዓመት በግድግዳ ውስጥ የሚረጨውን የዩሪያ ፎርማልዴሃይድ አረፋ አገደች። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም በ1982 ተመሳሳይ እገዳ ጣለ።

እገዳው ግን አልዘለቀም። በ1983 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ ለሥነ ዘዴ ተማሪዎች ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው፦ ልኬቱ የተወሰደው በአብዛኛው አቤቱታ ከቀረበባቸው ቤቶች እንጂ በዕጣ ከተመረጡ ቤቶች አልነበረም። የታመሙት ሰዎች ማስረጃ፣ ታመው በመናገራቸው ምክንያት፣ እንደ ማስረጃ ክብደት አጣ። በ1985 ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ደንብ በፋብሪካ ለሚሠሩ ቤቶች በሚገባው ሰሌዳ ላይ ወሰን አኖረ፤ ለፕላይውድ በሚሊዮን 0.2 እጅ፣ ለቺፕውድ 0.3 እጅ። ደንቡ በመዝናኛ ተጎታቾች ላይ ግን አይሠራም ነበር። ይህችን ክፍተት ያዙልኝ፤ ከ20 ዓመት በኋላ እንመለስባታለን።

በአንጻሩ የቢሮ ሠራተኞች ጉዳይ በሌላ በር ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 ባወጣው ሪፖርት ከአዳዲስና ከታደሱ ሕንፃዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ከአየራቸው ጋር የተያያዘ ከመጠን ያለፈ ቅሬታ ሊያስነሡ እንደሚችሉ ገለጸ። «የታመመ ሕንፃ» የሚለው አነጋገር በየጋዜጣው ተሰማ። በ1987 እና 1988 ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ በርካታ ሠራተኞች ታመሙ። የአገሪቱን አየር እንዲጠብቅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የራሱን ክፍል አየር መጠበቅ አልቻለም ተባለ። ጥርጣሬው ካረፈባቸው ኬሚካሎች አንዱ ከምንጣፉ የጀርባ ላስቲክ የሚወጣው 4-ፌኒልሳይክሎሄክሲን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የታሪኩ ማጠፊያ ይመስለኛል። በ1989 የዋሽንግተን ግዛት፣ ማለትም በፓስፊክ ዳርቻ ያለችው እንጂ ዋና ከተማዋ ያይደለች፣ በኦሊምፒያና በአካባቢዋ አዳዲስ የመንግሥት ቢሮዎችን ልትሠራ ተነሣች። ግዛቲቱ አዲስ ሕግ አላወጣችም፤ በጨረታ ሰነዷ ላይ ቅድመ ሁኔታ ጻፈች እንጂ። ዕቃ፣ ምንጣፍና ቀለም የሚያቀርብ ሁሉ ምርቱን በሙከራ ክፍል አስለክቶ ውጤቱን ማቅረብ ነበረበት። በክፍሉ አየር ላይ ከሚያስከትለው ጭማሪ የፎርማልዴሃይዱ ከሚሊዮን 0.05 እጅ፣ የተናኝ ኦርጋኒክ ውሁዶች ድምር ደግሞ በሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን የማያሟላ አይሸጥም።

ልዩነቱን እናስተውል። ኮሚሽኑ በፍርድ ቤት የተሸነፈው ጉዳትን ማረጋገጥ ስለነበረበት ነው። ገዢ ግን ጉዳትን የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም፤ «ይህን እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃዋል። የማስረጃው ሸክም ከታማሚው ትከሻ ወርዶ በሻጩ ትከሻ ላይ ዐረፈ። በሕግ አደባባይ ያልተገኘው በገበያ ተገኘ። ይህን ሁለተኛ መንገድ «የገዢ መንገድ» ብለን እንጥራው።

ቁጥሩ ሲጓዝ

ከዚያ በኋላ የአረንጓዴ ሕንፃ ምዘናዎች መጡ። ብሪታንያ ብሪያም የተባለውን በ1990 ጀመረች። የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት በ1993 ተቋቁሞ ሊድ የተባለውን ምዘና በ1998 በሙከራ ደረጃ አወጣ። በ2001 የተመሠረተው ግሪንጋርድ የዕቃዎችን ልቀት እየለካ ምስክር ወረቀት መስጠት ያዘ። በ2004 የወጣው የሊድ የውስጥ ክፍሎች ምዘና ዝቅተኛ ልቀት ላላቸው የቢሮ ጠረጴዛ ስብስቦችና ወንበሮች ራሱን የቻለ ነጥብ ሰጠ። ቢፍማ የተባለው የቢሮ ዕቃ አምራቾች ማኅበርም በ2007 የሙከራ ዘዴውንና ወሰኑን ብሔራዊ ደረጃ አድርጎ አጸደቀ።

በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታነቡ ተመሳሳይ ነገር ታገኛላችሁ። የፎርማልዴሃይድ ወሰን በሚሊዮን 0.05 እጅ፣ የተናኝ ውሁዶች ድምር 0.5 ሚሊግራም፤ ለወንበር ደግሞ የዚሁ ግማሽ። ለአንድ ግዛት ጨረታ የተጻፈው መጠን ዓለም አቀፍ የጥራት ምልክት ሆኖ ቆየ። ከሁሉ የሚያስገርመው 4-ፌኒልሳይክሎሄክሲን ነው። ይህ የምንጣፍ ኬሚካል በእንጨት ጠረጴዛና በወንበር መስፈርት ውስጥ ስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። የሥነ ምድር ባለሙያ በዐለት ውስጥ የዛጎል ቅሪት ሲያይ ቦታው አንድ ጊዜ ባሕር እንደነበረ እንደሚያውቅ፣ የታሪክ ባለሙያም በወንበር መስፈርት ውስጥ የምንጣፍ ኬሚካል ሲያይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የነበረውን የቢሮ ሠራተኞች ሕመም ያነባል።

የ0.5 ሚሊግራም ድምር ግን አንድ ድክመት ነበረው። ጎጂውንም ብዙም የማይጎዳውንም ኬሚካል በአንድነት ይደምራል። ካሊፎርኒያ በሳክራሜንቶ ለሠራቻቸው የመንግሥት ሕንፃዎች «ክፍል 01350» የተባለ ዝርዝር ስታዘጋጅ ጥያቄውን ለወጠችው። «ድምሩ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «እያንዳንዱ ኬሚካል ለረጅም ጊዜ ቢተነፈስ ጤናን የማይጎዳበት መጠን ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። በዚህ ስሌት የፎርማልዴሃይድ ወሰን ከ2012 ጀምሮ በሜትር ኩብ 9 ማይክሮግራም ሆነ። በሚሊዮን 0.05 እጅ የሚለው የቀድሞው ወሰን ወደ 61 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ሁለቱም «ዝቅተኛ ልቀት» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን ሰባት እጥፍ ያህል ልዩነት አለ። በ2013 የወጣው አራተኛው የሊድ ትውልድ ከዕቃው ዋጋ 90 በመቶ የሚሆነው እንዲያሟላ ሲጠይቅ፣ የቀድሞውን የድምር ወሰን ብቻ ያለፈውን ዕቃ በግማሽ፣ የኬሚካል በኬሚካል ምዘናውን ያለፈውን በሙሉ እንዲቆጠር ያደረገው ይህን ልዩነት ስለተገነዘበ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ዝቅተኛ ልቀት» የሚል ምልክት ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «በየትኛው መስፈርት፣ በስንተኛው ቀን ተለክቶ፣ ለምን ዓይነት ክፍል ታስቦ?» የሚል ይሁን። ቁጥሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የተወሰኑ ሰዎች በተወሰነ ጊዜ የተስማሙበት ውሳኔ ነው።

ሁለት ክፍሎች

አሁን አደራ ወዳልኳችሁ ጥያቄ እንመለስ።

በ2004 የሊድ ነጥብ ሲወጣ በአሜሪካ ከተሞች ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ቢሮዎች በሚሊዮን ከ0.05 እጅ በታች እንዲለቁ የተፈተኑ ጠረጴዛዎችን መምረጥ ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በኦገስት 2005፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ መታ። የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ቤታቸውን ላጡ ከ100,000 በላይ ቤተሰቦች ተጎታች ቤት አቀረበ። አብዛኞቹ የመዝናኛ ተጎታቾች ነበሩ፤ የ1985ቱ ደንብ የማይመለከታቸው እነዚያው ማለት ነው። ለጥቂት ቀናት ሽርሽር የተሠራ ጠባብ ሣጥን ለዓመታት መኖሪያ ሆነ። ነዋሪዎቹ ስለ ዓይን መቆጥቆጥ፣ ስለ ራስ ምታትና ስለ ልጆቻቸው ሳል ተናገሩ። መንግሥት በሰፊው ያስለካው ግን በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላቱ በ519 ተጎታቾችና ተንቀሳቃሽ ቤቶች ውስጥ ለክተው አማካዩ በሚሊዮን 0.077 እጅ፣ ከፍተኛው 0.59 እጅ መሆኑን አገኙ። ልኬቱ የተደረገው በክረምት፣ ዕቃው ሁለት ዓመት ገደማ ካስቆጠረ በኋላ መሆኑ ልብ ይባል፤ አዲስ በነበረበትና ሙቀቱ በበረታበት ወራት ከዚህ ይበልጥ እንደነበረ ይገመታል።

ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንደኛው ክፍል ውስጥ ያለው ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ይቀመጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ገዢ ስለሆነ የሙከራ ሰነድ ይጠይቅለታል። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ያለችው እናት ከሕፃን ልጇ ጋር ሌት ተቀን ትኖራለች፤ የገዛላት ሌላ ነው፤ ሰነድ የጠየቀላትም የለም። ሳይንሱ ለሁለቱም አንድ ነበር። የሙከራው ዘዴም ታውቆ ነበር። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ፎርማልዴሃይድን በ2004 በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የመግዛት ሥልጣን ነው።

የገዢ መንገድ ታላቅነቱም ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው። ታላቅነቱ፣ ሕግ በተረታበት ቦታ ፈጥኖ መሥራቱ ነው፤ አምራቾች ሙጫቸውን እንዲያሻሽሉ ያደረገ ገበያ ፈጥሯል። ጉድለቱ፣ ከገዢው አጥር አልፎ አለመሄዱ ነው። አጥሩን ለመሻገር የግድ ሕግ ያስፈልጋል። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በ2007 ያጸደቀው ደንብ ከ2009 ጀምሮ በግዛቲቱ የሚሸጥን ሰሌዳና ከሰሌዳ የተሠራን ዕቃ ሁሉ ገደበ፤ በሁለተኛው ምዕራፉ ለቺፕውድ በሚሊዮን 0.09 እጅ፣ ለኤምዲኤፍ 0.11 እጅ። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህንኑ በ2010 ብሔራዊ ሕግ አደረገው፤ ተፈጻሚነቱ ግን እስከ 2018 ዘገየ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 ባወጣው ደንብ ለቤት ዕቃና ለእንጨት ውጤቶች በሜትር ኩብ 0.062 ሚሊግራም ወሰን አድርጎ፣ የመነሻ ቀኑን ኦገስት 6 ቀን 2026 ብሎ ቆርጧል።

ይህ 0.062 ሚሊግራም በሚሊዮን ሲሰላ 0.05 እጅ ነው። የሙከራው ሁኔታ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ባይሆንም ቁጥሩ በ1989 በኦሊምፒያ የጨረታ ሰነድ ላይ የተጻፈው ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተጠየቀ የአየር ጥራት የአንድ አህጉር ተራ ነዋሪ መብት ለመሆን 37 ዓመት ፈጀ።

እኛና መስፈርቱ

ይህ የሌሎች አገሮች ታሪክ ቢሆንም ሰሌዳው ወደ እኛም መጥቷል። አያቶቻችን ከዋንዛ፣ ከጽድና ከዝግባ ያሠሩት የነበረውን ዕቃ ዛሬ በከተሞቻችን በአብዛኛው ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ እናሠራለን። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ መስኮት ከፍቶ መኖር ልማዳችን ነበር፤ በመስታወት የተሸፈኑት አዳዲስ ፎቆች ግን መስኮቱን እየዘጉብን ነው። የ1970ዎቹ ሁለት ክሮች፣ ማለትም ሰሌዳውና የተዘጋው ሕንፃ፣ እኛም ጋ እየተገናኙ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከታሪኩ ሦስት ነገር ልንወስድ እንችላለን። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ የመንግሥት ተቋም ትልቅ ገዢ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ «የሰሌዳው ልቀት ኢ1 ወይም ከዚያ ያነሰ መሆኑን የሚያሳይ የሙከራ ውጤት ይቅረብ» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይችላል። የኦሊምፒያ ሰዎች የጀመሩት ከዚህ ከፍ ባለ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥሩ መስፈርት አነስተኛውን አምራች እንዳያጠፋ ያስፈልጋል። የተሟላ ወንበር በሙከራ ክፍል ማስለካት ብዙ ወጪ ስላለው የሰፈራችን የእንጨት ሥራ ድርጅት ሊሸከመው አይችልም። ሰሌዳው ከምንጩ ከተፈተነ ግን አናጺው የተፈተነ ሰሌዳ ገዝቶ፣ ጠርዙንና ቀዳዳውን በደንብ ሸፍኖ መሥራት ይበቃዋል። የሰሌዳ መንገድ ከገዢ መንገድ ይልቅ ለድሃ አገር የሚስማማው ለዚህ ነው። የነበረን ዕቃ አድሶ መጠቀምም አይናቅ፤ የ2004ቱ የሊድ ምዘና ራሱ ከአንድ ዓመት በላይ ያገለገለን ዕቃ ከሙከራው ነጻ አድርጎታል፤ አብዛኛውን ጋዝ አስቀድሞ ለቋልና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ መስፈርቱ የማያየውን ሰው ማየት ነው። የሙከራው ክፍል የሚለካው የተጠናቀቀውን ዕቃ ነው። ቺፕውዱን በመጋዝ የሚቆርጠው፣ ብናኙንና ጋዙን በጠባብ መሥሪያ ቦታ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ወጣት በየትኛውም የዕቃ ምስክር ወረቀት ውስጥ የለም። በ1970ዎቹ የተጎታች ቤት ነዋሪዎች፣ በ2005 ደግሞ የካትሪና ተፈናቃዮች ከመስፈርቱ ውጭ ቀርተው ነበር። ዛሬ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ማን እንደሆነ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። የሚቀጥለው የምርምር ርእሳችሁ ከዚያ ወርክሾፕ ቢጀምር ደስ ይለኛል።